ምዕራፍ ሰባት፦ ከቢጫው ጥብጣብ ማዶ

የወንጀል ዜና አጻጻፍ ጥብቅ ነው። ማን ሞተ? የት? መቼ? በምን? ፖሊስስ ማንን ያዘ? እነዚህን የመለሰ ዘጋቢ ሥራውን ሠርቷል። ሦስት መቶ ቃል ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም፣ ቦታ ቢኖር እንኳ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቅም። ሆኖም ወንጀል ከተፈጸመበት ስፍራ የሚመለስ ዘጋቢ ከአምስት ጥያቄ መልስ የበለጠ ይዞ ይመለሳል። ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰምቷል። መርማሪው ሬሳው ላይ ከማጎንበሱ በፊት ለአፍታ ዘወር ብሎ ሲተነፍስ አይቷል። ምድጃ ላይ ተጥዶ የቀረው እራት ሸትቶታል። ለዚህ ሁሉ ጋዜጣው ላይ ስፍራ የለም። በነጋታው ሌላ ሬሳ፣ ሌላ ሦስት መቶ ቃል ይመጣል። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ያልተጻፈው ይከመራል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ክምር፣ ክምሩም እንዴት ልቦለድ እንደሚሆን ነው።

ከጋዜጣ ወደ መርማሪ ልቦለድ የተሻገሩ ጸሐፍት ጥቂት አይደሉም። (ስለ አሜሪካና አውሮፓ የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤልጅጋዊው ዦርዥ ሲምኖን ገና በ15 ዓመቱ በሊየዥ ከተማ ጋዜጣ ተቀጥሮ ፖሊስ ጣቢያ እየተመላለሰ ዜና ይለቅም ነበር፤ ኮሚሽነር ሜግሬን የፈጠረው ኋላ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ለሩ ለ«ለ ማተን» ጋዜጣ የፍርድ ቤት ችሎት ሲዘግብ ከኖረ በኋላ በ1907 «የቢጫው ክፍል ምስጢር» የተሰኘ ልቦለዱን ማሳተም ጀመረ። ስዊድናዊው ስቲግ ላርሰን የቀኝ አክራሪዎችን ሲያጋልጥ የኖረ ጋዜጠኛ ነበር፤ በዓለም ያስጠሩት ልቦለዶች የወጡት ግን በ2004 ከሞተ በኋላ ነው። እኔ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገርለት የፈለግሁት አሜሪካዊውን ማይክል ኮኔሊን ነው። ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ስለተሸጠለት አይደለም። ከዜና ወደ ልቦለድ የተራመደበት መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ እያንዳንዱንም እርምጃ ራሱ በግልጽ ስለተናገረ ነው።

በ1987 ኮኔሊ በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት በፎርት ላውደርዴል ከተማ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። የከተማይቱን የግድያ ወንጀል መርማሪዎች ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲከተል ተፈቀደለት። ለአንድ የወንጀል ዘጋቢ ይህ ብርቅ ዕድል ነው፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር፣ እኩለ ሌሊትም ይሁን ንጋት፣ አብሯቸው ይወጣል። የቡድኑ አለቃ የሆነው ሳጅን በየሬሳው አጠገብ የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረችው። ቁጢጥ ይላል፤ መነጽሩን ያወልቃል፤ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለውን የመነጽሩን ዘንግ ጥርሱ መካከል ያስገባል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይመለከታል። ኮኔሊ ይህን አየ፤ ትርጉም ግን አልሰጠውም። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ሳጅኑ ቢሮው ውስጥ ደክሞት መነጽሩን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዘጋቢው ጠጋ ብሎ ሲያይ የዘንጉ ጫፍ ተቦርቡሯል። ጥርስ ነው የቦረቦረው።

ያ ሰው በየሬሳው ፊት ረጋ ያለ ይመስል ነበር። ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ ፊቱ አይለዋወጥም። መንጋጋው ግን ፕላስቲኩን እስኪቦረቡር ድረስ ይነክስ ነበር፤ ለዓመታት፣ በእያንዳንዱ ሟች ፊት። ኮኔሊ በዘጋቢነት ዘመኑ ካያቸው ነገሮች ሁሉ ትልቋ ይህች እንደሆነች ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተናግሯል። ለምን እንደሆነ መረዳት አያዳግትም። «መርማሪው ሥራው ይከብደዋል» ብሎ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው፤ አንባቢም አንብቦ ያልፈዋል። የተቦረቦረውን ዘንግ ያየ አንባቢ ግን የሰውየውን የሥራ ዓመታት ራሱ ያሰላል። ደራሲው ስሜቱን በስሙ ሳይጠራ አንባቢው ያገኘዋል። ከዚህ ወዲያ ኮኔሊ የጻፋቸው መርማሪዎች ሁሉ፣ እኔ እንደማነባቸው፣ ከዚያ መነጽር የወጡ ናቸው።

ወደ መርማሪዎች ያመጣው መንገድ የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ኮኔሊ በ1956 በፊላደልፊያ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። በ16 ዓመቱ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጣቢ ነበር። አንድ ሌሊት ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚሮጥ ሰው አየ፤ ሰውየው አንድ ነገር ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውሮ አለፈ። ልጁ ጠጋ ብሎ ሲያየው በሸሚዝ የተጠቀለለ ሽጉጥ ነው። ሰውየው የገባበትን መጠጥ ቤት እስኪያውቅ ድረስ ከሩቅ ተከተለው፤ ከዚያም ለፖሊስ ተናገረ። ሌሊቱን ሙሉ መርማሪዎች ሲጠይቁት አደሩ። የያዟቸውን ሰዎች አሰልፈው ቢያሳዩትም ያየው ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። ልጁ ከዚያ በኋላ የወንጀል ዜና ማንበብ ጀመረ፤ ከጋዜጣው ወደ እውነተኛ የወንጀል ታሪኮች፣ ከእነሱም ወደ ልቦለድ ተሸጋገረ። ልብ በሉ፤ የሕይወቱ የመጀመሪያ የወንጀል ታሪክ መፍትሔ አልነበረውም።

ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሕንፃ ግንባታ ነበር የሚያጠናው። ሐሳቡን ያስቀየረው ፊልም ነው፤ ዳይሬክተር ሮበርት አልትማን ከሬይመንድ ቻንድለር ልቦለድ የሠራው «ዘ ሎንግ ጉድባይ»። ፊልሙን አይቶ ወደ መጽሐፉ ሄደ፤ ከዚያም የቻንድለርን ልቦለዶች በሙሉ አነበበ። ጸሐፊ መሆን ፈለገ። ይሁን እንጂ ስለ ወንጀል ለመጻፍ ወንጀልን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሕንፃ የሚያጠና የሃያ ዓመት ወጣት ደግሞ ምን ያውቃል? መግቢያው በር ጋዜጠኝነት ሆኖ ታየው። ትምህርቱን ወደዚያ ቀየረ፤ በተጓዳኝም ልቦለድ አጻጻፍን ከደራሲው ሃሪ ክሩዝ ተማረ። ኮኔሊ ጋዜጠኛ ሆኖ ሳለ ልቦለድ የጀመረ ሰው አይደለም፤ ልቦለድ ለመጻፍ ብሎ ጋዜጠኛ የሆነ ሰው ነው። ምን እንደሚፈልግ አውቆ ነው ወደ ፖሊስ ጣቢያው የገባው።

በ1980 ተመርቆ በዴይቶና ቢች፣ ቀጥሎም በፎርት ላውደርዴል ጋዜጦች ሠራ። ዘመኑ ደቡብ ፍሎሪዳ በኮኬይን ነጋዴዎች ጦርነት የምትታመስበት ነበር፤ ለወንጀል ዘጋቢ ሥራ አይጠፋም። ስሙን ያወጣው ግን ወንጀል አልነበረም። በኦገስት 1985 ከፎርት ላውደርዴል የተነሣ የዴልታ አየር መንገድ አውሮፕላን ዳላስ ሊያርፍ ሲል በድንገተኛ የነፋስ ውርጅብኝ ተከስክሶ 137 ሰው ሞተ። ኮኔሊና ሁለት ባልደረቦቹ በሕይወት የተረፉትን ተሳፋሪዎች ፈልገው፣ ከአደጋው በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ ጻፉ። ጽሑፉ ለፑሊትዘር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች መካከል ገባ። የሎስ አንጀለስ ታይምስም በር ተከፈተለት። ይህ ጽሑፍ ስለ አውሮፕላን መከስከስ ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ስላለው ሕይወት መሆኑን ልብ በሉ። ዜናው ካበቃበት ነው የጀመረው።

በ1987 ሎስ አንጀለስ ሲገባ፣ በአልትማን ፊልም ውስጥ የቻንድለር መርማሪ ፊሊፕ ማርሎው የኖረበትን አፓርታማ ሄዶ አየ፤ የተከራየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ለአንድ ከተማ እንግዳ ይህ ከፍቅር የመነጨ ጉብኝት ነው። ቀን ቀን ለጋዜጣው ወንጀል ይዘግባል፤ ማታ ማታ ልቦለድ ይጽፋል። ከዚያ በፊት ሁለት ልቦለዶች ጽፎ ሳያሳትማቸው አስቀምጦ ነበር። ሦስተኛውን ሲጀምር ግን በእጁ የያዘው ነገር ሌላ ነበር።

በ1986 ዘራፊዎች በሆሊውድ ከመሬት በታች ባሉት የዝናብ ውኃ መውረጃ ቱቦዎች ውስጥ በትንንሽ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች እየተመላለሱ፣ ከቱቦው እስከ አንድ ባንክ ካዝና ክፍል ድረስ መሿለኪያ ቆፍረው ገቡ። የግል ሳጥኖችን ሰብረው ገንዘብና ንብረት ይዘው በመጡበት ወጡ። የአገሪቱ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በኃይል ፈለጋቸው፤ ማንነታቸው ግን ሳይታወቅ ቀረ። ለጋዜጣ ይህ ታሪክ ጅምር ሆኖ ቀርቷል። ማን እንደቆፈረ አይታወቅም፤ ስለዚህ የሚጻፍ የለም። ለልቦለድ ደራሲ ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማን ነው እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ለሳምንታት መቆፈር የሚችል? ጠባብ ጉድጓድን የለመደ ሰው። ጠባብ ጉድጓድን የለመደ አሜሪካዊ የት ይገኛል? ቬትናም ውስጥ፣ ጠላት በቆፈራቸው ዋሻዎች ሽጉጥና ባትሪ ብቻ ይዘው ይሳቡ ከነበሩ ወታደሮች መካከል።

ከዚህ ጥያቄ «ዘ ብላክ ኤኮ» ተወለደ። በ1992 ታተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለመጀመሪያ ልቦለድ የሚሰጠውን የኤድጋር ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በሆሊውድ ግድብ አቅራቢያ ቱቦ ውስጥ በተገኘ ሬሳ ይጀምራል። ሟቹ የቀድሞ የዋሻ ወታደር ነው። ሊመረምር የመጣውም ፖሊስ ያውቀዋል፤ እሱም በዚያው ጨለማ ውስጥ አብሮት የተሳበ ነውና። የዚህ መርማሪ ስም ሃሪ ቦሽ ነው።

አንድ መርማሪ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከቦሽ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ኮኔሊ መጀመሪያ ፒርስ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ የሚበሳ፣ ሰርስሮ የሚገባ ሰው ለማለት። ኋላ ግን ተማሪ ሳለ የተዋወቃቸው የአንድ ጥንታዊ ሠዓሊ ሥራዎች ትዝ አሉት፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የኖረው የኔዘርላንድስ ሰው ሂሮኒመስ ቦሽ። የሠዓሊው ሰሌዳዎች ኃጢአት፣ ደስታና ቅጣት ጎን ለጎን የሚርመሰመሱባቸው ናቸው። በአንዱ ጥግ ሰው ፍሬ ይበላል፤ በሌላው ይቃጠላል። ኮኔሊ ሎስ አንጀለስን እንደዚያ አያት፤ መርማሪውንም ሂሮኒመስ ብሎ ጠራው። እናቱ ናት በሠዓሊው ስም የሰየመችው፤ ባልደረቦቹ ግን ሃሪ ይሉታል። ስሙ እንዲህ የመጽሐፎቹን ዓለም በአንድ ቃል ይሸከማል።

ከዚያ ቁስሉ መጣ። ሎስ አንጀለሳዊው ደራሲ ጄምስ ኤልሮይ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1958፣ እናቱ ተገድላ ገዳይዋ ሳይገኝ ቀርቷል። ኮኔሊ ይህን እውነተኛ ታሪክ ያውቅ ነበር፤ ለቦሽ የሰጠውም የሕይወት ታሪክ ከዚያ የተቀዳ መሆኑን አልደበቀም። የቦሽ እናት በሆሊውድ ጎዳና ገላዋን እየሸጠች ትኖር ነበር፤ በ1961 ተገደለች፤ ልጁም በሕፃናት ማሳደጊያ አደገ። ሟቿ ምስኪን ስለነበረች መዝገቡን በትጋት የተከታተለው የለም። ቦሽ ለየትኛውም ሟች፣ ሀብታም ሆነ ጎዳና ተዳዳሪ፣ እኩል የሚሠራው ለዚህ ነው። ይህን የሥራ እምነቱን የሚያህል ጠንካራ ነገር በኮኔሊ ሥራዎች ሁሉ ውስጥ የለም። በጋዜጣ ቤት ደግሞ ተቃራኒው እንደሚሆን ማንኛውም የወንጀል ዘጋቢ ያውቀዋል። የታዋቂ ሰው ሞት ፊት ገጽ ይወጣል፤ የድኻው ሞት በውስጥ ገጽ ጥግ በሦስት መስመር ያልፋል፤ ወይም ጨርሶ አይወጣም። ኮኔሊ ያንን ሚዛን ለዓመታት በሥራው አይቶታል። ቦሽን ሲፈጥር ሚዛኑን ያስተካከለ ይመስለኛል።

ይህን ቁስል የያዘበት ትዕግሥት ደግሞ ያስደንቃል። ሌላ ደራሲ ቢሆን የእናቱን ግድያ በመጀመሪያው መጽሐፍ ይፈታው ነበር። ኮኔሊ በሦስት መጻሕፍት ውስጥ ጫፉን ብቻ እያሳየ ቆየ። ቦሽ የእናቱን መዝገብ ከመጋዘን የሚያስወጣው በ1995 በወጣው አራተኛው መጽሐፍ፣ በ«ዘ ላስት ካዮቲ» ነው። በዚያ ጊዜ አንባቢው ቦሽን በሥራው ላይ አውቆት፣ አምኖት፣ ስለ እሱ መጨነቅ ጀምሮ ነበር።

አሁን ወደ አንድ ምርጫ እንምጣ። ኮኔሊ ጋዜጠኛ ሆኖ ሳለ ለምን ጋዜጠኛ መርማሪ አልፈጠረም? ጋስቶን ለሩ ያደረገው ያንን ነበር። የእሱ ሩልታቢል ገና ለጋ ወጣት ዘጋቢ ነው፤ ከፖሊስ ቀድሞ ምስጢሩን ይፈታል። በ1907 ይህ አንባቢን ያሳምን ነበር፤ በዚያ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዘጋቢዎች ከመርማሪዎች ጋር እኩል ይሯሯጡ ነበርና። በኮኔሊ ዘመን ግን ፖሊስ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ስፍራ በቢጫ ጥብጣብ ያጥራል። ዘጋቢው ከጥብጣቡ ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቃል አቀባዩ መጥቶ የሚነግረውን ይጽፋል። ማዶ ያለውን ለማየት ኮኔሊ ጥብጣቡን ቀና አድርጎ የሚያልፍ ሰው አስፈለገው። ቻንድለርን የቱንም ያህል ቢወደው የግል መርማሪም አልመረጠም። የግል መርማሪ ብቻውን ነው፤ አለቃ የለውም፣ ቅጽ አይሞላም። ኮኔሊ ለዓመታት ያየው ፖሊስ ግን ግማሹን ቀን ከገዳይ ጋር፣ ግማሹን ከገዛ መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚታገል ነው።

የዘጋቢ ዕውቀት ከሁሉ ይልቅ የሚያበራው እዚህ ላይ ነው። በ1994 የወጣውን «ዘ ኮንክሪት ብሎንድ»ን ውሰዱ። ቦሽ ከዓመታት በፊት የተከታታይ ግድያ ተጠርጣሪ ቤት ብቻውን ገብቷል፤ ሰውየው እጁን ትራስ ሥር ሲሰድ ተኩሶ ገደለው። ከትራሱ ሥር የተገኘው ሰው ሠራሽ ጸጉር ነበር፤ ራሰ በራነቱን የሚሸፍንበት። አሁን የሟቹ ሚስት ቦሽን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሳዋለች። የመጽሐፉ ግማሽ ችሎት ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ጠበቃዋ ጥያቄዋን እንዴት እንደምትደረድር፣ ዳኛው ለፍርድ ሰጪው የዜጎች ጉባኤ (ለጁሪው) የትኛውን ማስረጃ እንደሚከለክል፣ የከተማው ጠበቃ እንዴት እንደሚደክም። ችሎት ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ ያልኖረ ሰው ይህን ከምናቡ አያመጣውም። ልብ ሰቃይነቱም ከዚሁ ይመነጫል። አንባቢው የሚፈራው ገዳዩን ብቻ አይደለም፤ ለእውነት ግድ የሌለውን ሥርዓትም ይፈራል።

ኮኔሊ ከራሱ ቀደም ካለው የሎስ አንጀለስ ፖሊስና ደራሲ ጆሴፍ ዋምቦ የተማረውን አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ያነሣል፤ ዋናው ቁም ነገር መርማሪው በመዝገቡ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን መዝገቡ በመርማሪው ላይ ምን እንደሚሠራ ነው። ዋምቦ ይህን ባይለው እንኳ ያ ሳጅን በመነጽሩ ዘንግ ነግሮታል።

ሌላው ከጋዜጣ የመጣ ነገር ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ዝነኛ መርማሪዎች አያረጁም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎ ያው ናቸው። ቦሽ ግን በ1950 ተወልዶ እንደማንኛችንም ዕድሜው ይሄዳል። በጃንዋሪ 1994 ሎስ አንጀለስን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የእሱንም ቤት ይሰነጥቃል። ከተማዋን ያናወጣት የ1992ቱ ረብሻ ጠባሳ በ1999 በወጣው «ኤንጀልስ ፍላይት» ውስጥ የከተማዋን አየር ያከብደዋል። በ2007 በታተመው «ዘ ኦቨርሉክ» ቦሽ ከተሰረቀ ሲዚየም ጨረር ጋር ይነካካል፤ መጽሐፉ አልቆ ነገሩ የተረሳ ይመስላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ«ዘ ናይት ፋየር»፣ ሐኪም የደም ካንሰር እንዳለበት ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ያ ጨረር ነው። ማኅደር የሚያገላብጥ ጋዜጠኛ ጽሑፍ እንዲህ ነው። ድሮ የተጻፈ ነገር በማኅደር ውስጥ ይተኛል እንጂ አይጠፋም።

ኮኔሊ ጋዜጠኛ ገጸ ባሕርይም አለው፤ የፈጠረው ግን ኋላ፣ ከጋዜጣው ሥራ ከወጣ በኋላ ነው። በ1996 በወጣው «ዘ ፖየት» የዴንቨሩ ዘጋቢ ጃክ ማኬቮይ መንትያ ወንድሙ፣ የግድያ መርማሪው፣ ራሱን ገደለ ሲባል አያምንም፤ መቆፈር ይጀምራል። በ2009 ደግሞ «ዘ ስኬርክሮው» ወጣ። ማኬቮይ አሁን በሎስ አንጀለስ ታይምስ ነው፤ ጋዜጣው ሠራተኛ እየቀነሰ ስለሆነ የሁለት ሳምንት ጊዜ ብቻ ተሰጥቶት፣ ደመወዟ ከእሱ ያነሰ ወጣት ተተኪ እንዲያሠለጥን ይታዘዛል። በዚያው ዓመት ማኬቮይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የዴንቨሩ «ሮኪ ማውንቴን ኒውስ» በእውነተኛው ዓለም ተዘግቷል። ከመጽሐፎቹ ሁሉ ሐዘኑ ያልተሸሸገበት ይህ ነው። ማንበብ ከባድ ነው፤ በተለይ የጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሽታ ለሚያውቅ ሰው።

የእኛን አንባቢ ይህ ሁሉ ወደ በዓሉ ግርማ እንደሚመልሰው አውቃለሁ፤ መመለስም አለበት። በዓሉ በሚሺጋን ጋዜጠኝነት አጥንቶ መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን ያዘጋጀ ጋዜጠኛ ነበር። በ1975 ዓ.ም በኩራዝ አሳታሚ ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው «ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይው ጋዜጠኛ ነው፤ ፀጋዬ ኃይለማርያም፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሊዘግብ አስመራ የወረደ። የስለላ መረብ፣ ክትትልና ጥርጣሬ የሞላበት ልብ ሰቃይ ታሪክ ነው፤ ጀርባው ግን ዘመቻውን በቅርብ ያየ ሰው ምስክርነት ነው። ኮኔሊ ያላተመው የገጹ ጥበት ስለከለከለው ነው። በዓሉን የከለከለው መንግሥት ነበር። አዲስ ዘመን ላይ ሊወጣ የማይችለውን በልቦለድ አወጣው፤ ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። የአንባቢ ቁጥርና የሽልማት ዝርዝር ይህን ልዩነት አይለካውም። ከጋዜጣ ወደ ልቦለድ መሻገር ለአንዱ ሙያ መቀየር ሲሆን ለሌላው ሕይወትን የሚያስከፍል ሆነ። ሁለቱም ግን ከአንድ ስፍራ ተነሡ፤ አይተው ካላተሙት።

ኮኔሊ ጋዜጣውን ከተወ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ሁሉ ክምር እስከ መቼ ይበቃዋል? አልበቃውም፤ እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ የዘጋቢነት ልማዱን አልተወም፤ ከመርማሪዎች ጋር ቁርስ ይበላል፣ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ከእነዚህ አንዷ በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ስትሠራ የኖረችው ሚትዚ ሮበርትስ ናት፤ ለዓመታት ሴቶችን ሲገድል የኖረውን ሳሙኤል ሊትልን ከቆዩ መዝገቦች ጋር ያገናኘችው መርማሪ። ሮበርትስ በአንድ ወቅት የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ነበር። የሌሊት ፈረቃ መርማሪ የተለየ ዕጣ አለው፤ ጥሪ ሲመጣ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሬሳውን ያያል፣ እናቲቱን ያነጋግራል፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት ይጽፋል። ሲነጋ መዝገቡን ለቀን ፈረቃ አስረክቦ ይሄዳል። ምን እንደደረሰ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም።

ኮኔሊ ይህን ሲሰማ የራሱን የቀድሞ ሥራ የሰማ ይመስለኛል። በ2017 «ዘ ሌት ሾው»ን ጻፈ። ጀግናዋ ረኔ ባላርድ ናት፤ ቅር በተሰኘባት አለቃ ምክንያት ወደ ሌሊት ፈረቃ የተገፋች። በአንድ ሌሊት ሁለት ከባድ ጉዳዮች ይገጥሟታል፤ አንዱ በጭካኔ ተደብድባ የተጣለች ሴት፣ ሌላው በምሽት ክበብ የተፈጸመ ግድያ። ሲነጋ ልታስረክብ ይገባታል። ሪፖርቱን ጽፋ ታስረክባለች፤ መዝገቦቹን ግን አትለቅቃቸውም፤ ቀን ከእንቅልፏ እየቀነሰች ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ትከተላቸዋለች።